ጥይት የማይገባበት ዝናር



በቅርቡ በአንድ የልጆች ዝግጅት ላይ አንድ ታዳጊ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ወገቡን በዝናር ታጥቆ ወደ መድረክ ወጣ። ሕዝቡ እልል አለ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ዝግጅቱ ሲያበቃ ጠጋ ብዬ ዝናሩን ዳሰስኩት። ስስ አርቴፊሻል ቆዳ ነው፤ የጥይት ማስገቢያዎቹ በሙጫ ተለጥፈዋል፤ ጣት እንኳን አያስገቡም። ይህ የዝናር ሥዕል እንጂ ዝናር አይደለም።

እንዲህ ያለው ዝናር በእኛ ዘንድ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአዲስ አበባም በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ በዓል ሲከበር ብዙ ወጣቶች ዝናር ታጥቀው ይወጣሉ። መታጠቃቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የጥንት ዕቃ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ዕቃው ምን ይሠራ እንደነበር ካልጠየቀ፣ ልጁን የሚያስተምረው ነገር የለም።

ለማነጻጸር ያህል፣ በእንግሊዝ አገር ከ200 ዓመት በፊት የነበረውን የወታደር የቆዳ ጥይት ቦርሳ እንደገና የሚሰፉ ሰዎች አሉ። የዚያ ዘመን ጥይት ባሩዱና እርሳሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስለነበር ዝናብ ከነካው ይበላሻል። ስለዚህ ቦርሳው ወፍራም የቆዳ ክዳን ነበረው፤ ውስጡም ጥይቶቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው እንጨት ይገባበት ነበር። ጥሩ አድርጎ የሚሠራው ሰው ከውጭ የማይታየውን እንጨት ጭምር ይሠራል።

የእኛ ዝናር ጥይቱን በግልጽ ደርድሮ የሚይዘው የናስ ቀለህ ከመጣ በኋላ ስለሆነ ነው። ናስ እንደ ወረቀት ዝናብን አይፈራም። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የተኮሱበት፣ የአገራችን ሰው ስናድር ያለው ጠመንጃ ጥይቱ 14.7 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ብዙ ወታደር የያዘው የፈረንሳይ ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ጠመንጃ ደግሞ 6.5 ብቻ። ቀለሁም በዚያው መጠን ይለያያል። እንግዲህ ማስገቢያው የሚሰፋው በጠመንጃው ልክ ነው፤ ዝናሩን ያየ ሰው ጠመንጃውን ሊገምት ይችላል። የዓድዋን ዘማች እናሳያለን ብለን ከልጆች እርሳስ በቀር የማያስገባ ዝናር ከሠራን ግን ታሪኩን አበላሸነው ማለት ነው።

ሌላው ክብደቱ ነው። 50 የውጅግራ ጥይት ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚታጠቀው ቆዳ ጠንካራ፣ ስፌቱም የማይተረተር መሆን ነበረበት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ዝናሩን የታጠቀውን ጀግና በስሙ እናነሣለን፤ ጠመንጃውንም እንጠራለን። ቆዳውን ፍቆ፣ በእንቧይ አልፍቶ፣ በወስፌ እየበሳ የሰፋውን ሰው ግን ማንም አያነሣውም። ያ ሰው በሠራው ዕቃ አገር ታጥቆበት ሲዘምት፣ እሱ "ፋቂ" እየተባለ ይሰደብ ነበር። ይህን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ የእኛም አባቶች ብረት በመቀጥቀጣቸው፣ እናቶቻችንም ሸክላ በመሥራታቸው "ቡዳ" ተብለዋልና። ዛሬም በናሕሊኤል የእጅ ሙያውን ለልጁ ለመንገር የሚያፍር አባት አለ። በሙጫ የተለጠፈው ዝናር ይህንን ዝምታ ይቀጥልበታል፤ ማንም እጅ እንዳልሠራው ሆኖ ይታያልና።

ወላጆች ሆይ፣ ለሚቀጥለው በዓል ወይም ለፑሪም ልብስ ስታዘጋጁ ረጅም ዝናር አያስፈልግም። አንድ ቁራጭ እውነተኛ ቆዳ፣ አምስት በክር የተሰፉ ማስገቢያዎች፣ በልኩ የተጠረቡ አምስት የእንጨት ጥይቶች ይበቃሉ። በሠራዊት የሚያገለግል ልጅ ካላችሁም ኤፎዱን አምጥቶ ያሳይ፤ የእሱም ኪስ የተሰፋው በጥይት ካዝናው ልክ ነው፤ ታናናሾቹ ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል። ስፌቱን ግን አያቶች ይምሩት። ወስፌ መያዝ የሚያውቅ አዛውንት በየሕንጻው አይጠፋምና፣ በሩን አንኳኩና ጠይቁት።