«ውሃ በብዛት ይጠጡ»፦ ሳይመረመር የቆየ ምክር

ጎህ ሲቀድ ላምበረት መናኸሪያ የደረሰ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያያል። አንደኛው ለረጅም ጉዞው አንድ ሁለት «ሃይላንድ» ውሃ ገዝቶ የሚሳፈር ነው። የአንድ ፋብሪካ ምርት ስም የነበረው ይህ ቃል ዛሬ የማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኗል። ሁለተኛዋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፣ አውቶቡሱ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ መጸዳጃ እንደማይገኝ ስለምታውቅ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውሃ ሳትቀምስ የምትጓዝ ናት። ሁለቱ ታመው ወደ ጤና ተቋም ቢሄዱ የሚሰሙት ምክር ግን አንድ ነው፦ «ውሃ በብዛት ይጠጡ»።

ይህ ምክር የማይሰጥበት ሕመም ማግኘት ያስቸግራል። ራሱን ያመመው፣ ጨጓራው የሚያቃጥለው፣ የሆድ ድርቀት ያስቸገረው፣ ወገቡን ወግቶት «ኩላሊቴ ነው» ብሎ የመጣው፣ ቦርጩን ለማጥፋት የሚፈልገው ሁሉ ይህንኑ ሰምቶ ይመለሳል። መድኃኒት ሲታዘዝ መጠኑ፣ ሰዓቱና የሚወሰድበት ጊዜ በወረቀት ይሰፍራል። ውሃ ሲታዘዝ ግን «በብዛት» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ እንደሆነ ይቆጠራል። ምክሩ ምንም ወጪ የማያስከትል፣ ማንንም የማይጎዳ መስሎ ስለሚታይ ማስረጃ የጠየቀው ባለሙያ ጥቂት ነው።

መጠን ሲጠቀስም ብዙ ጊዜ የሚነገረው «በቀን ስምንት ብርጭቆ» የሚለው ነው። ለዚህ ቁጥር እንደ ምንጭ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የምግብና የሥነ ምግብ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጣው መመሪያ ነው። ቦርዱ ለአዋቂ ሰው በአብዛኛው በቀን 2.5 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ኪሎ ካሎሪ ምግብ 1 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ተስማሚ እንደሆነ ገልጾ ነበር። ቀጥሎም የዚህ መጠን አብዛኛው ክፍል በምግብ ውስጥ እንደሚገኝ አስፍሯል። ፊተኛው ዓረፍተ ነገር ዓለምን ሲዞር ኋለኛው ባለበት ቀረ። የዳርትማውዝ የሕክምና ትምህርት ቤት የኩላሊት ፊዚዮሎጂ ምሁር ሃይንዝ ቫልቲን እ.ኤ.አ. በ2002 ጉዳዩን መርምረው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በመጠነኛ አየር ንብረት ለሚኖርና ከባድ የጉልበት ሥራ ለማይሠራ ጤነኛ አዋቂ ስምንት ብርጭቆን የሚደግፍ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንዳላገኙ አስታውቀዋል።

ከዚያ በኋላ የወጡ መመሪያዎችም ቢሆኑ በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2004 ለሴት 2.7፣ ለወንድ 3.7 ሊትር ብሎ ያስቀመጠው፣ እንዲሁም የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ለሴት 2፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ያለው ከመጠጥም ከምግብም የሚገኘውን ውሃ በሙሉ ደምረው ነው። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ሽሮው፣ ሾርባው፣ አጥሚቱም የሚታወቅ ነው። ቡናና ሻይ «ውሃ ያደርቃሉ» ተብለው ከሒሳቡ መውጣታቸውም ማስረጃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፣ ቡና መጠጣት የለመዱ 50 ወንዶች በቀን አራት ስኒ ትልልቅ ቡና ሲጠጡና በምትኩ ተመጣጣኝ ውሃ ሲጠጡ በሰውነታቸው የውሃ መጠን ላይ ልዩነት አላገኘም። ብርጭቆውስ የትኛው ነው? የመጀመሪያው ምክር የሚያወራው 240 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ብርጭቆ ነው። ታካሚዋ በአእምሮዋ የምትስለው የሻይ ብርጭቆ ከሆነ ግን የተነገራትና የሰማችው ገና ከመነሻው ተለያይተዋል።

ለመሆኑ ሰውነት ያለ አማካሪ ምን ያደርጋል? በደም ውስጥ ያለው የጨው ክምችት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ከፍ ሲል አንጎል ኩላሊትን ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘውን ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ ጥማትም ወዲያው ይከተላል። «ጥም ከተሰማህ ጊዜው አልፏል» የሚለው አባባል ከዚህ ጋር አይጣጣምም። ሐኪም የውሃ እጥረት ብሎ የሚጠራው ደረጃ ላይ ከመደረሱ በፊት ጥማት አስቀድሞ ይጣራልና። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጥማታቸው ስለሚደክም ለእነርሱ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ይህ ግን ለሁሉም የሚሆን ሕግ አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከራሳችን አገር የተገኘ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ይህ ጥናት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖሩና የሚለማመዱ አሥር ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን ለሰባት ቀናት፣ ያውም ከውድድር በፊት ባለው ከባድ ልምምድ ወቅት ተከታትሏል። ሯጮቹ በቀን በአማካይ የጠጡት ፈሳሽ ሁሉ ተደምሮ 1.75 ሊትር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ውሃው 0.9 ሊትር ብቻ ነው። ክብደታቸውና የሽንታቸው ክምችት በሳምንቱ ውስጥ አልተናጋም። አሥር ሰው ጥቂት ነው፤ ሰባት ቀንም አጭር ነው። ከዚህ ተነሥቶ «1.75 ሊትር ይበቃል» የሚል አዲስ ሕግ ማውጣት ስምንቱን ብርጭቆ እንደ ሕግ ከመያዝ አይሻልም። ነገር ግን በዚያ ከፍታ በየቀኑ የሚሮጥ አትሌት በዚህ መጠን ሲጸና፣ ከቢሮው ወንበር የማይነሣ ሰው 3 ሊትር ካልጠጣ ይጎዳል የሚሉ ሁሉ ማስረጃቸውን ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል።

ወደ ክብደት መቀነስ ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም እዚህ ጥናቶች አሉ፤ ችግሩ አነባበባቸው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2003 ከጀርመን የወጣው ጥናት ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ የጠጡ 14 ጤነኛ ሰዎች ሰውነታቸው ኃይል የሚያቃጥልበት ፍጥነት በመቶ 30 መጨመሩን ዘግቧል። «በመቶ 30» የሚለው ቁጥር ዜና ሆነ። በአንድ ጊዜ የተቃጠለው ጠቅላላ ኃይል 100 ኪሎ ጁል፣ ማለትም 24 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መሆኑ ግን ዜና አልሆነም። በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ እንኳ 95 ኪሎ ካሎሪ ቢሆን ነው፤ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባባቸው ሦስት ብርጭቆ ሻይ ይህን ትርፍ ሙሉ በሙሉ ይመልሱታል። ከሦስት ዓመት በኋላ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ደግሞ የተጣራ ውሃ ምንም ጭማሪ አላሳየም። እስከ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ውሃ እንኳ ለአንድ ሰዓት ያመጣው ጭማሪ በመቶ 4.5 ብቻ ነበር። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ትኩስ ውሃ ከሎሚ ጋር ስብ ያቀልጣል የሚለው እምነት እዚህ ክርክር ውስጥ እንኳ የሚገባ አይደለም፤ ስብ በሰውነት ውስጥ እንደ ቅቤ በሙቀት የሚቀልጥ ነገር አይደለምና።

የተሻለ መሠረት ያለው ከምግብ በፊት ውሃ መጠጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በተሠራ ጥናት፣ ከ55 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውና ምግባቸውን የቀነሱ 48 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ከእያንዳንዱ ማዕድ በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ የጠጡት በ12 ሳምንት ውስጥ ካልጠጡት በ2 ኪሎ ግራም ያህል የበለጠ ቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ 84 ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ልዩነቱን 1.3 ኪሎ ግራም አድርጎታል። እነዚህ ውጤቶች ሐሰት አይደሉም፤ ትንሽ ናቸው። የመጀመሪያው ጥናት ተሳታፊዎች ሁሉ ምግባቸውን ቀንሰው እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ከምግብ በፊት የሚጠጣ ውሃ የሚበላውን መጠን የሚቀንሰው በዕድሜ በገፉት እንጂ በወጣቶች አለመሆኑን ያሳየ ጥናትም አለ። እንግዲህ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ምግቡን ሳይነካ ውሃ በመጨመር ብቻ ይከሳል ብሎ ተስፋ መስጠት ጥናቶቹ ያላሉትን ማስባል ነው።

ውሃ ክብደትን በእርግጥ የሚረዳው የሌላን ነገር ቦታ ሲወስድ ነው። 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። ከምሳ ጋር ለስላሳ፣ ማታ ከጓደኛ ጋር ሁለት ቢራ የለመደ ሰው እነዚህን በውሃ ቢተካ ለውጡን ሚዛኑ ላይ ያየዋል። ልማዱን ሳይተው ውሃ ቢደርብበት ግን የሚጨምርለት ሽንት ብቻ ነው። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 8ቱ ከልክ በላይ ወፍራም ሲሆኑ ከመቶ 22ቱ ግን ከሲታ ነበሩ። የምግብ ፍላጎትን በውሃ መቀነስ ለማን እንደሚነገር ሳይለዩ መናገር እዚህ አገር ቀላል ስሕተት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ምክሩ የሚጎዳቸው ታካሚዎች ጉዳይ ነው። በጤና ጣቢያዎች ለደም ግፊት ከሚታዘዙት የተለመዱ መድኃኒቶች አንዱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ይህን መድኃኒት የምትወስድ አንዲት የሰባ ዓመት እናት በሬዲዮ የሰማችውን ወይም ከመድኃኒቱ ጋር የተነገራትን «ብዙ ውሃ» በቅንነት ብትፈጽም፣ መድኃኒቱ ኩላሊቷ ትርፍ ውሃን እንዳያስወግድ ስለሚያግድ በደሟ ያለው ሶዲየም ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ፣ ሲብስም መደናገርና መንዘፍዘፍ ነው። ደክሞኛል ብላ ስትመለስ «ውሃ ቀንሶብሽ ይሆናል» ተብላ እንድትጨምር ከተነገራት ጉዳቱ በሐኪም እጅ ተባባሰ ማለት ነው። የሶዲየም ምርመራ በማይሠራበት ቦታ ደግሞ ይህን የሚያጋልጥ ሌላ ነገር የለም፤ ያለው የባለሙያው ጥርጣሬ ብቻ ነው። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች ከመቶ 13ቱ ሶዲየማቸው ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያትም ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር።

ሽንት ማውጣት ያቆመ የዲያሊሲስ ታካሚ፣ በተለይ ገንዘብ አጥሮት ቀጠሮ የሚዘልለው፣ የጠጣው እያንዳንዱ ሊትር እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ በሳንባውና በእግሩ ይጠብቀዋል። በልብ ድካም ረገድ ዕውቀቱ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከኔዘርላንድስ የታተመ ጥናት፣ 504 የተረጋጋ የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች በቀን በ1.5 ሊትር መገደብ ጥማትን እንጂ ጥቅምን እንዳላበዛ አሳይቷል። ሆኖም ያልተገደቡት እንኳ በአማካይ የጠጡት 1.8 ሊትር ያህል ነው። ጥናቱ በጥማታቸው ልክ እንዲጠጡ ፈቀደ እንጂ 3 ሊትር ጠጡ አላለም፤ ሰውነቱ ያበጠና ትንፋሽ ያጠረው ታካሚም አልተካተተበትም። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ በሞቃት ቀንም ቢሆን ከጡት ወተት ሌላ ውሃ አያስፈልገውም። አጣዳፊ ተቅማጥ የያዘው ሰው የሚያስፈልገው ኦ አር ኤስ ነው፤ ጨውና ስኳር የሌለው ውሃ ብቻውን የጠፋውን አይተካም።

ይህ ሁሉ ሲባል ውሃ እንደ መድኃኒት በልክ የሚታዘዝለት ሰው የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በጣሊያን በታተመ የአምስት ዓመት ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የኩላሊት ጠጠር ከወጣላቸው 199 ሰዎች ውስጥ ሽንታቸው በቀን ከ2 ሊትር እንዳያንስ አድርገው የጠጡት ጠጠሩ የተመለሰባቸው ከመቶ 12ቱ ሲሆኑ በሌሎቹ ከመቶ 27ቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሌላ ሙከራ፣ የፊኛ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸውና በፊት ጥቂት ይጠጡ የነበሩ 140 ሴቶች ተካፍለዋል። በቀን 1.5 ሊትር ውሃ የጨመሩት በዓመት የያዛቸው 1.7 ጊዜ፣ ያልጨመሩትን ደግሞ 3.2 ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ከካናዳ የታተመው የ631 ሰዎች ጥናት ግን ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ብዙ በመጠጣታቸው የኩላሊታቸው መድከም እንዳልዘገየ አሳይቷል። «ለኩላሊት ውሃ ጥሩ ነው» የሚለው ንግግር እንግዲህ ለጠጠር እውነት ነው፤ ለደከመ ኩላሊት አይደለም።

ለምሳሌ የኩላሊት ጠጠር ያለበት አንድ የአውቶቡስ ረዳት ከላምበረት መናኸሪያ ተነሥቶ ቢመጣ የሚገባው ትእዛዝ «በብዛት» የሚል ሊሆን አይችልም። መጠኑ በሚያውቀው ዕቃ፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ተለክቶ መነገር አለበት፦ ከእንቅልፉ ሲነሣ አንድ፣ አውቶቡሱ ለምሳ በሚቆምበት ሰዓት ሁለት፣ ማታ ሲገባ አንድ፣ ከመተኛቱ በፊት አንድ፤ ሽንቱ የገለባ መልክ እስኪይዝ ድረስም እያየ እንዲጨምር። ይህ ሲነገረው ረዳቱ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ኩላሊት አይሆንም፤ በመንገድ ላይ የት እንደሚሸና ነው። ባለሙያው ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ካላነሣው ታካሚው ትእዛዙን ገና በሩ ላይ ይተወዋል። ያቺ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ሳትቀምስ የምትሳፈር መንገደኛም የፊኛ ሕመሟ በየወሩ ሲመላለስባት ስንት ብርጭቆ እንደምትጠጣ ብቻ ሳይሆን በጉዞ ቀን ለምን እንደማትጠጣ የጠየቃት ባለሙያ ካለ፣ መልሱን ካርዷ ላይ ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ሊጽፈው ይገባል።