የመካሪ ቃልና የተጫዋች ጣዕም

አንድ ሰው አንድን ሥራ ለባልንጀራው ሲያመሰግን በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው የሥራው ነገር ነው፤ ሁለተኛው የራሱ ነገር ነው። «ይህ ሥራ መልካም ነው» ያለ ሰው «እኔ እንዲህ ያለውን የምወድ ሰው ነኝ» ማለቱም አይቀርም። ስለዚህ ሰሚው ሥራውን ከማየቱ አስቀድሞ የመካሪውን ጣዕም ማወቅ ይገባዋል። ይህን ሳያውቅ ምክሩን ቢቀበል በሰው ጫማ እንደሚሄድ መንገደኛ ይሆናል፤ ጫማው መልካም ሆኖ ሳለ እግሩ ይቈስላል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመረምረው ያሰብነው የቪዲዮ ጨዋታን የሚያመሰግኑና የሚነቅፉ ሰዎችን ነገር ነው። «ይህ የልጆች ጉዳይ ነው፤ ለሥነ ጽሑፍ ገጽ ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ አይታጣም። ዳሩ ግን ቅኔም ቢሆን፥ ሥዕልም ቢሆን፥ ጨዋታም ቢሆን፥ ሰው የሠራውን ሰው ሲፈርድበት የፍርዱ ሕግ አንድ ነው። በጨዋታው ዓለም ደግሞ ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል፥ ቶሎም ይሻራል። በሌላው ኪነ ጥበብ የሰው ዕድሜ የሚፈጀውን የጣዕም መለወጥ በዚህ በዐሥር ዓመት ውስጥ ማየት ይቻላልና ለመርማሪ የተመቸ ነው።

አስቀድመን ስለ ልማዱ እንናገር። በጃፓን አገር ከ1986 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) የሚታተም «ፋሚትሱ» የሚባል መጽሔት አለ። በዚህ መጽሔት አራት መርማሪዎች አንዱን ጨዋታ መርምረው እያንዳንዳቸው ከዐሥር ነጥብ ይሰጣሉ፤ ድምሩም ከአርባ ይቈጠራል። አርባውን አሟልቶ መጀመሪያ ያገኘው በ1998 የወጣው የኒንቴንዶ ጨዋታ «ዘልዳ፥ ኦካሪና ኦፍ ታይም» ነው። በ2001 ደግሞ በአሜሪካ «ሜታክሪቲክ» የተባለ የኢንተርኔት መዝገብ ተከፍቶ የብዙ መርማሪዎችን ፍርድ እየሰበሰበ ከመቶ የሚቈጠር አንድ አማካይ ቍጥር ያወጣ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ገዢ ረዥሙን ምርመራ ከማንበብ ይልቅ አንዲቱን ቍጥር አይቶ መሄድን ለመደ።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌ እንግባ። በፌብሩዋሪ 2009 በቶኪዮ የሚገኘው «ፍሮም ሶፍትዌር» የተባለ ኩባንያ፥ ሂዴታካ ሚያዛኪ በሚባል ሰው መሪነት የሠራው «ዴሞንስ ሶልስ» የተባለ ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። የስሙ ትርጓሜ የአጋንንት ነፍሳት ማለት ነውና ለጆሮ አይጥምም፤ አሠራሩ ግን ሊመረመር የሚገባው ነው። ተጫዋቹ ጭጋግ በዋጣት አንዲት መንግሥት ውስጥ መሣሪያ ይዞ ይሄዳል። ጠላት በገደለ ቍጥር ነፍሳት ይሰበስባል፤ እነዚህም ነፍሳት ገንዘቡም ጕልበቱም ናቸው፤ ዕቃ ይገዛባቸዋል፥ ኀይሉንም ያሳድግባቸዋል። በሞተ ጊዜ ግን የሰበሰበው ሁሉ በወደቀበት ስፍራ ይቀራል፤ እርሱ ከመንገዱ መጀመሪያ ሲነሣ የገደላቸው ጠላቶችም አብረው ይነሣሉ። ተመልሶ ደሙ ከፈሰሰበት ስፍራ ቢደርስ ያጣውን ያገኛል፤ ሳይደርስ ሁለተኛ ቢሞት ግን ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሌላ አንድ ብልሃት አለው። ተጫዋቹ ብቻውን ሲሄድ ሌሎች ተጫዋቾች በመሬት ላይ የተዉለትን አጭር ጽሑፍ በኢንተርኔት አማካይነት ያገኛል። ጽሑፉ ከተዘጋጁ ቃላት ተመርጦ የሚገጣጠም ነው፤ ከፊት ወጥመድ እንዳለ፥ ከማእዘኑ ኋላ ጠላት እንደ ተደበቀ ያስጠነቅቃል። ያነበበው ሰው ምክሩ ከጠቀመው ምስክርነቱን ይሰጥለታል፤ በዚያን ጊዜ የጻፈው ሰው በሩቅ አገር ሆኖ በራሱ ጨዋታ ውስጥ ቍስሉ ይድንለታል። ሐሰተኛ መካሪም አይጠፋም፤ በገደል አፋፍ ላይ ቆሞ መዝለልን የሚመክር አለ። ስለዚህ ተጫዋቹ ጠላትን መዋጋት ብቻ ሳይሆን ምክርንም መመርመር ይማራል።

ይህ ጨዋታ በወጣ ጊዜ ምን ተባለ? የፋሚትሱ አራት መርማሪዎች ከአርባ 29 ሰጡት። በጃፓን ያወጣው ሶኒ ኩባንያ በአሜሪካና በአውሮፓ ለማውጣት አልወደደም። በዚያን ጊዜ ከኩባንያው ታላላቅ ሹማምንት አንዱ የነበሩት ሹሄ ዮሺዳ ሁለት ሰዓት ያህል ተጫውተው ከመጀመሪያው ስፍራ ሳይርቁ እንደ ቀሩ፥ ጨዋታውንም ክፉ ነው ብለው እንደ ናቁት ኋላ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ተጫዋቾች ግን ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ ይቀባበሉት ጀመር። በእስያ የወጣው ቅጂ እንግሊዝኛ ስለ ነበረበት በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ሰዎች ከሩቅ ያስመጡት ነበር። በኦክቶበር 2009 አትለስ የተባለ ሌላ ኩባንያ በአሜሪካ አወጣው፤ ዓመቱም ሲፈጸም «ጌምስፖት» የተባለው የጨዋታ መርማሪ ቤት የዓመቱ ጨዋታ ብሎ መረጠው። በ2011 ታናሹ «ዳርክ ሶልስ» ተከተለ፤ በ2022 የወጣውና በዚያው መንገድ የተሠራው «ኤልደን ሪንግ» ደግሞ በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ29 ነጥብ የተጀመረው መንገድ እስከዚህ ደረሰ።

እንግዲህ አራቱ መርማሪዎች ተሳሳቱን? ይህን በችኰላ መናገር አይገባም። በዚያ ዘመን የታላላቅ ኩባንያዎች ልማድ ተጫዋቹ እንዳይሰለች መንገዱን በቀስት ማሳየት፥ ቢሞትም ከቅርብ ስፍራ ማስነሣት ነበር። መርማሪዎቹም የዘመናቸውን ሚዛን ያዙ፤ ሚዛኑ የተሠራው ለሌላ ዐይነት ዕቃ ስለ ነበረ አዲሱን ዕቃ አቀለለው። ሁለተኛም ምክንያት አለ። ጨዋታው ለሕዝብ ሳይወጣ የሚመረምር ሰው በመሬት ላይ የሚነበበውን የብዙ ሰው ቃል ሊያገኝ አይችልም፤ ብዙ ሰው ገና አልተጫወተምና። ቤቱን የሚሞሉት እንግዶች ናቸው፤ እርሱ ያየው ግን ገና እንግዳ ያልገባበትን ቤት ነው። ስለዚህ ዋናው ስሕተት ፍርዱን በመስጠት አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ቀን ፍርድ የመጨረሻ አድርጎ በመቀበል ነበር።

አዲሱ ጣዕምም ቢሆን ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ከዳርክ ሶልስ ወዲህ ከባድነትን ብቻ እንደ ክብር ቈጥረው ለአገኙት ሰው ሁሉ ያንኑ የሚያመሰግኑ፥ ያልወደደውንም «ስላልቻልህ ነው» እያሉ የሚያሳፍሩ ሰዎች ተነሡ። ይህ ምክር ሳይሆን ትዕቢት ነው። ቀን ሲሠራ የዋለ፥ ማታ አንዲት ሰዓት ብቻ የተረፈችው ሰው በዚህ ምክር ስድሳ ወይም ሰባ ዶላር ከፍሎ ይገዛል፤ ሦስት ማታ ከአንድ በር ፊት ሲሞት ሰንብቶም ትቶት ይነሣል። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ያልተስማማውን ተመከረ እንጂ። ለእርሱስ ኤሪክ ባሮን የተባለ ሰው አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ብቻውን ደክሞ በ2016 ያወጣውን «ስታርዲው ቫሊ» የተባለ የእርሻ ጨዋታ ማመልከት በተገባ ነበር። በዚያ ጨዋታ ሰው ይዘራል፥ ያጭዳል፥ ከጎረቤቶቹ ጋር ይወዳጃል፤ የጨዋታውም አንዱ ቀን ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልፋልና በጥቂት ጊዜ ጥቂት ሥራ ፈጽሞ መነሣት ይቻላል። ሁለቱም ጨዋታዎች መልካሞች ናቸው፤ ነገር ግን የአንዱ ወዳጅ ለሌላው ሰው መካሪ ሊሆን የሚችለው የሰውየውን ኑሮ ከጠየቀ በኋላ ነው።

ቍጥር ሰውን ሲጐዳ ደግሞ እንመልከት። በኦክቶበር 2010 «ኦብሲድያን» የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው «ፎልአውት፥ ኒው ቬጋስ» ወጣ። ጨዋታው በወጣ ጊዜ ብዙ የአሠራር ጕድለት ስለ ነበረበት መርማሪዎች ያንን ቈጥረው ነጥብ ቀነሱበት፤ የሜታክሪቲክ አማካይም 84 ሆነ። ከኩባንያው መሪዎች አንዱ የነበረው ክሪስ አቬሎን በ2012 እንደ ገለጸው፥ ሠሪዎቹ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ጉርሻ የሚያገኙት አማካዩ 85 ቢደርስ ነበር። በአንድ ነጥብ ምክንያት ቀረባቸው። ዛሬ ብዙ ተጫዋቾች ያንን ጨዋታ ከስሙ ተጋሪዎች ሁሉ የበለጠ አድርገው ያመሰግኑታል። ጕድለቱን የቈጠሩት መርማሪዎች አልዋሹም፤ ገዢ ይህን ማወቅ ይገባዋልና። ነገር ግን ለገዢ ማስጠንቀቂያ ተብሎ የተነገረ ቃል ወደ ቍጥር ተለውጦ የሠራተኛ ደመወዝ መለኪያ ሲሆን፥ ከ84 እና ከ85 መካከል ያለውን ልዩነት በቃል ሊያስረዳ የሚችል መርማሪ ማን ነው?

ጣዕም ሳይለወጥ ሥራው ራሱ የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። በኦገስት 2016 «ሄሎ ጌምስ» የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ «ኖ ማንስ ስካይ» የተባለውን፥ በሒሳብ ቀመር በሚፈጠሩ ስፍር ቍጥር በሌላቸው ፕላኔቶች መካከል የሚያስጕዝ ጨዋታ አወጣ። ተስፋው ታላቅ ነበር፤ የገዙት ግን ተስፋ ካደረጉት ብዙውን አጡበት። «ስቲም» በተባለው የጨዋታ ገበያ ከ2013 ጀምሮ የገዛ ሰው ሁሉ ለሌላው እንደሚመክር ወይም እንደማይመክር ይመሰክራል፤ በዚያም የነቀፋ ጎርፍ ወረደበት። ሠሪዎቹ ሥራውን አልተዉም፤ ዓመት ከዓመት ያለ ተጨማሪ ዋጋ እያሻሻሉ፥ በጁላይ 2018 ተጫዋቾች ተገናኝተው በአንድነት የሚጓዙበትን ጨመሩ፤ በ2021 የገዢዎቹ ጠቅላላ ምስክርነት ወደ ምስጋና ተመለሰ። ስቲምም ከ2016 ወዲህ የቅርቡን ጊዜ ምስክርነት ከጠቅላላው ለይቶ ያሳያል። ይህ ልማድ የሚመሰገን ነው፤ ምስክርነት ዘመን እንዳለው ያስተምራልና።

ሥራውም ሳይለወጥ፥ ሚዛኑም ሳይለወጥ፥ ጊዜው ብቻ የሚለወጥበት ደግሞ አለ። በጁን 2018 የወጣው «አመንግ አስ» በወዳጆች መካከል የተሸሸገውን ከሐዲ በክርክር የሚፈልጉበት ጨዋታ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ጥቂት ሰው ብቻ ያውቀው ነበር። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሰው ሁሉ በየቤቱ በተዘጋ ጊዜ፥ ጨዋታቸውን በቀጥታ ለሕዝብ የሚያሳዩ ሰዎች ሲጫወቱት ታየና በዓለም ሁሉ ገነነ። ሰው መሰብሰብን ተርቦ ነበርና መሰብሰቢያ የሆነውን ወደደ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምናገኘው ይህ ነው። ፍርድ በሦስት ምክንያት ይሻራል፤ ወይ የፈራጁ ዐይን ሲለወጥ፥ ወይ ሥራው ሲለወጥ፥ ወይ ጊዜው ሲለወጥ። አንዲት ቍጥር ከሦስቱ አንዱንም አትናገርም። በ2019 ስቲም ያወጣው አዲስ የመምከሪያ ብልሃትም ቢሆን፥ ተጫዋቹ በየትኛው ጨዋታ ስንት ሰዓት እንዳሳለፈ አይቶ የሚመስለውን ያቀርብለታል፤ ምክንያቱን ግን አያስረዳም። በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ደስ የሚያሰኝ ነገር ይገኛል፤ ይህን አንክድም። ዳሩ ግን ሰው ብዙ ሰዓት የቈየበት ነገር ሁሉ የወደደው አይደለም፤ ልማድ ይዞት የቈየበትም አለ። ደግሞም ትናንት የወደድነውን ብቻ የሚሰጠን መካሪ ዴሞንስ ሶልስን ለመሰለ አዲስ ነገር በር አይከፍትም።

መልካም መካሪ እንግዲህ ሦስት ነገር ይናገራል። መጀመሪያ ሥራው ለማን እንደሚስማማና ለማን እንደማይስማማ ይለያል፤ ሁለተኛ መቼና ምን ያህል ተጫውቶ እንደ ፈረደ ይገልጻል፤ ሦስተኛ የወደደበትን ወይም የጠላበትን ምክንያት ያስረዳል፤ ምክንያቱን የሰማ ሰው በጣዕም ባይስማማ እንኳ ለራሱ መፍረድ ይችላልና። ፍርዱንም በዘመን ብዛት መልሶ ለመመርመር የማያፍር ይሁን። ሹሄ ዮሺዳ ስሕተታቸውን በአደባባይ መናገራቸው ከብዙ ምስጋና ይልቅ ለኋለኞቹ ትምህርት ሆኗል።

የመጀመሪያው ዴሞንስ ሶልስ የኢንተርኔት አገልግሎት በፌብሩዋሪ 2018 ተዘጋ፤ በመሬት ላይ ተጽፎ የነበረውም ምክር ሁሉ አብሮ ጠፋ። በ2020 ጨዋታው እንደ ገና ተሠርቶ ሲወጣ አዲሶቹ ተጫዋቾች አዲስ ምክር መጻፍ ጀመሩ። የዚያ ጨዋታ ሕግ ግን ለመርማሪ ሁሉ ሊሆን የሚገባው ነው፤ በዚያ የመካሪው ቍስል የሚድነው ሌላው ሰው በምክሩ ተጠቅሞ ሲመሰክርለት ብቻ ነው።