የሚጥል በሽታ፣ ጂንና ክኒን፦ አንድ መጽሐፍ ከዲላ ሲነበብ



ሐኪም በሽታውን ብቻ ሳይሆን የበሽተኛውን ባህልና እምነትም ማወቅ አለበት የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ በጤና ትምህርት ቤቶች በሰፊው ይሰበካል። ይህን አስተሳሰብ ካስተዋወቁት መጻሕፍት አንዱ አን ፋዲማን የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመችው ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «መንፈሱ ይይዝሻል፣ ትወድቂያለሽ» እንደ ማለት ነው። እኛ በዲላና በጌዴኦ ዞን የምንኖር ሙስሊም ቤተሰቦች ከዚህ መጽሐፍ ምን እንቀበላለን? ምኑንስ እንመልሳለን?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሊያ ሊ እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ፣ መርሴድ በምትባል ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ከላኦስ ተራሮች በጦርነት ምክንያት የተሰደዱ የህሞንግ ሰዎች ነበሩ። ሕፃኗን ገና በሦስት ወሯ ይጥላት ጀመር። ወላጆቿ ነፍሷ ደንግጣ ከሥጋዋ ወጥታለች፣ መንፈስም ይዟታል አሉ። ሆስፒታል ሲደርሱ መንዘፍዘፉ ቆሞ ነበር፤ አስተርጓሚም አልነበረም፤ ስለዚህ የሳንባ በሽታ ነው ተብሎ ወደ ቤት ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የመድኃኒት ትእዛዟ 23 ጊዜ ተቀያየረ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ያን ሁሉ ብልቃጥ እንዴት ይለዩት? አንዳንዱን ሰጡ፣ አንዳንዱን ተዉ። ሐኪሞቹም «መድኃኒት ይከለክሏታል» ብለው ከሰሱና ልጅቱ ከወላጆቿ ተነጥላ ለወራት በማያውቋት ሰዎች ቤት አደረች። ከተመለሰች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1986፣ ከባድ መንዘፍዘፍና የደም መመረዝ ተደራርበው አንጎሏን አጠፉት። ወላጆቿ እያጠቡ፣ እያጎረሱ፣ አዝለው እየዞሩ አቆዩዋት። እ.ኤ.አ. በ2012 በ30 ዓመቷ ሞተች።

ይህን «የባዕድ አገር ወሬ» ብለን ማለፍ አንችልም። በእኛም ሰፈር ልጅ ሲጥለው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር የሚያስሸትት ሰው አይጠፋም። ለሐጩ ያስተላልፋል ተብሎ ስለሚፈራ እሳት ዳር የወደቀውን እንኳ ደፍሮ የሚያነሳ ይታጣል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል። በአካባቢው ሰው አመለካከት ላይ ባወጡት ሌላ ጽሑፍም ይኸው የመተላለፍ ፍርሃት ተመዝግቧል። ቡታጅራ ከዲላ ቢርቅም ምድጃው ያው ምድጃ ነው። በቡና አገር ደግሞ ጀበናው ከእሳት የሚወርድበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የፋዲማን ትልቁ ውለታ ወላጆችን ማዳመጧ ነው። ሐኪሙ አርተር ክላይንማን ያዘጋጃቸውን ጥያቄዎች በመጽሐፏ አምጥታለች፦ በሽታውን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? ከምን የመጣ ይመስላችኋል? ከሁሉ አብልጣችሁ የምትፈሩት ምንድን ነው? ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ይሁን እንጂ ከኮቸሬ ቡና ለቅማ የመጣች እናት በጌዴኡፋ ስትናገር፣ ነርሷ በአማርኛ ስትጽፍ፣ መሐል ገብቶ የሚያስተረጉመው ደግሞ ለራሱ ጉዳይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሲሆን ማን ይጠይቃቸዋል? ሴት ልጇ እንደሚጥላት ጎረቤት እንዳይሰማባት የምትሰጋ እናት በማታውቀው ሰው አፍ ምን ያህሉን ታወጣለች?

ስለ ጂን ስናነሣ ነገሩን ማድበስበስ አይገባም። የጂን መኖር በቁርኣን የተነገረ ነው፤ በቁርኣን የሚደረግ ሩቅያም በሱንና የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን የጣለውን ሁሉ ጂን ነው ማለት የዑለማዎቻችን ትምህርት አይደለም። ኢብኑል ቀይም በ«ዛዱል መዓድ» የሚጥለውን በሽታ ለሁለት ከፍለው አንደኛው ከመናፍስት፣ ሌላው ሐኪሞች ከሚያውቁት ከሰውነት ችግር የሚመጣ መሆኑን አስረድተዋል። ኢብን ሲና ደግሞ በ«አል-ቃኑን» ከጭንቅላት በሽታዎች ጋር ተመልክቶታል። ታዲያ «ክኒን ከወሰደ ሩቅያው አይሠራም» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ፌኖባርቢታል የሚወስድ ልጅ መድኃኒቱን በድንገት ቢያቋርጥ መንዘፍዘፉ ሳይቆም ሊራዘም፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። በሩቅያ ስም ክኒን የሚያስጥል ሰው ለዚህ ተጠያቂ ነው።

መጽሐፉን የምተቸው እዚህ ላይ ነው። ፋዲማን የሐኪሞቹንና የወላጆቹን ዓለም እንደ ሁለት ግንብ አቁማ ሲጋጩ ታሳየናለች። የሰው ልጅ ጥናት ምሁር የሆነችው ጃኔል ቴይለርም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ትችት ታሪኩ በአሳዛኝ ድራማ መልክ መነገሩ ባህልን የማይለወጥ ነገር እንዳስመሰለው አሳይታለች። በእርግጥ መጽሐፉ ራሱ ሲመሰክር ወላጆቹ መድኃኒትን ጭራሽ አልጠሉም፤ ከመንፈሳዊው ሕክምና ጋር ጥቂት ጥቂት ቢሰጥ ይወዱ ነበር። የጠሉት ልጃቸውን የሚያፈዝዝባቸውን ብዛቱን ነው። ይህ ባህል ነው ወይስ የማንኛውም እናት ጭንቀት? ሐኪሞቹ ሃያ ሦስቱን ለውጥ ወደ አንድና ሁለት ቢያወርዱት ኖሮ ስለ ህሞንግ ነፍስ ሳይማሩም ብዙ ይረዷት ነበር ባይ ነኝ።

ግንቡ ከቆመ በኋላ የሚከተለው ዝርዝር ነው፦ ሙስሊም እንዲህ ያደርጋል፣ ጌዴኦ እንዲህ ያምናል፣ ጉጂ ይህን ይፈራል። ክላይንማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፒተር ቤንሰን ጋር ሆኖ ይህን ዓይነት ዝርዝር ተቃውሟል። በዲላ ገበያ የስልጤው ነጋዴ፣ የጉጂ ኦሮሞው፣ የጉራጌው፣ የጌዴኦው ሙስሊም በአንድ ሶፍ ይሰግዳሉ፤ በየቤታቸው ግን በሽታን በአንድ ስም አይጠሩትም።

ለምሳሌ ረመዳንን እንውሰድ። ፌኖባርቢታል ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ፣ ማታ የሚወሰድ ነው፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ከኢፍጣር በኋላ ሊዋጥ ይችላል። በሌላ በኩል ለሰሑር ሲሉ እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ይቀሰቅሳል፤ ሸሪዓም ለታመመ ሰው የማፍጠር ፈቃድ ሰጥቷል። «ትጾማለህ?» ብሎ ያልጠየቀ የጤና ባለሙያ ይህን ሁሉ ሊመክር አይችልም። በሽተኛው ደግሞ ይቆጡኛል ብሎ ይደብቅና ወሩን ሙሉ ክኒኑን ይተወዋል። ጥፋቱ ከሁለቱም ወገን ነው፤ የሚበልጠው ግን መጠየቅ ሥራው ከሆነው ከባለሙያው ነው።

በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲሥ ኢብን ዐባስ ለዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ አንዲት ጥቁር ሴት አሳይተውታል። ይህች ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ እንደሚጥላትና ያን ጊዜ ገላዋ እንደሚገለጥ ነግራቸው ነበር። ብትታገሥ ጀነት እንደምታገኝ፣ ካሻትም እንድትድን ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። ትዕግሥቱን መረጠች፤ እንዳትገለጥ ብቻ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ አደረጉላትም። አንዳንዶች ይህን ሐዲሥ ይዘው «መድኃኒት አያስፈልግም» ሲሉ ይሰማል። እርሷ ግን ዐዋቂ ነበረች፤ የመረጠችውም ለራሷ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ትዕግሥትን አይመርጥም፤ በእርሱ ስም የመምረጥ ሥልጣን ለወላጅ የተሰጠ አይመስለኝም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በሌላ ሐዲሥ መታከምን አዝዘዋል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ልመናዋ ነው። ከበሽታው ይልቅ ያስጨነቃት መገለጧ ነበር፤ ይህንንም ያወቁት እንድትናገር ስለተዋት ነው። አንዲት እህት መንገድ ላይ ስትወድቅ ክብሪት ፍለጋ ከመሮጥ ነጠላ ጣል ማድረግ፣ ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኗ ማስተኛት ይገባል። አፏ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይገባም። መንዘፍዘፉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ መኪና ተፈልጎ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት፤ እዚያም ሴት ነርስ ካለች እርሷ እንድታይላት አብሮ የሄደው ዘመድ ሳያፍር ይጠይቅ።