ሰሙ ለማን ነው?

ነገሩ የተጀመረው ከመኝታ ክፍላችን ነው። አብሮኝ የሚያድረው ጓደኛዬ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነው። አንድ ማታ የሚያነበውን መጽሐፍ ደረቱ ላይ አሳርፎ «አሁን ገና ገባኝ! እናንተ ሰዎች አፋችሁና ልባችሁ የማይገጥመው ለካ ባህል ሆኖባችሁ ነው» አለኝ። «እናንተ» ያለው መጀመሪያ ጎንደሬውን ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ አማራውን በሙሉ ጨመረበት። ቀልድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በማግሥቱ ግን ሰው በተሰበሰበበት አንድ ሐሳብ ባቀርብ «ቆይ ቆይ፣ ይሄ ሰሙ ነው ወርቁ?» ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ «ደኅና ነኝ» ብል እንኳ የሚያምነኝ ጠፋ። ተናድጄ መጽሐፉን ተበደርኩት። ይህ ሒስ የንዴት ልጅ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

መጽሐፉ የአሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ነው። በእንግሊዝኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሌቪን ማንዝ ወርዶ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ያጠና፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪያርፍም ድረስ ከኢትዮጵያ ጉዳይ ያልራቀ፣ ወዳጆቹ «ጋሼ ሊበን» የሚሉት ሰው ነበር። ስለዚህ «ፈረንጅ ምን ያውቃል» በሚል ብቻ የሚጣል መጽሐፍ አይደለም። እንዲያውም ውለታ አለበት። የሕዝብን ጠባይ ለማወቅ ግጥሙን አንብቡ ማለት፣ ቅኔያችንን ከአቧራ አንሥቶ ለማኅበራዊ ኑሮ ማስረጃ ማድረግ፣ በዚያን ጊዜ የኛ ሰዎችም አዘውትረው ያደረጉት አልነበረም።

ክርክሩ ባጭሩ ይኸው ነው። አማራ አንዱን ቃል ሁለት ትርጉም አሸክሞ መናገር ይወዳል፤ «አባይ» ሲል ወንዙን ይሁን ውሸታሙን ሰሚው ይፈልግ። ይህ የንግግር ልማድ ሌቪን እንደሚለው ያስቃል፣ ሰውን በጨዋ ደንብ ለመስደብ ያገለግላል፣ የግል ምሥጢርን ይጠብቃል፣ በባለ ሥልጣን ላይ የታፈነ ቅሬታን ያስተነፍሳል። ግን የዘመናዊ ኑሮ ቋንቋ አንድ ቃል አንድ ትርጉም እንዲኖረው ይሻልና፣ እዚያ ላይ እንቅፋት ይሆናል። መጽሐፉ ገና ትኩስ ሳለ ገዳሙ አብርሃ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ አጥብቆ ተችቶታል። እኔ ያንን ክርክር እዚህ አልደግምም፤ የምጠይቀው አንድ ሌላ ጥያቄ ነው። ሰሙ የተነገረው ለማን ነው?

ሌቪን ራሱ ከቆጠራቸው አገልግሎቶች መጨረሻውን እንያዝ። በባለ ሥልጣን ላይ ቅሬታ ማሰሚያ ነው ብሏል። እንግዲህ ቃሉ አቅጣጫ አለው ማለት ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይወረወራል። ይህን ካለ በኋላ ግን አቅጣጫውን ይተወውና ወደ ሕዝቡ ጠባይ ይሻገራል። የጎደለው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሰም ጠባይ ከሆነ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ለጌታውም ለሎሌውም እኩል መነገር ነበረበት። ይነገራል ወይ?

የፎገራውን ሰው፣ የናበጋውን አለቃ ገብረ ሐናን እንጥራቸው። የአለቃ ጨዋታ ሲወራ ያልሰማ ያለን አይመስለኝም። ከመኳንንትና ከወይዛዝርት ጋር ሲሆኑ ቃላቸው ሁሉ የተጠቀለለ ነው፤ ተሳዳቢው ስድቡ የሚገባው ቤቱ ደርሶ ነው። አህያ ነድተው ወደ ገበያ ከሚሄዱት ሴቶች ጋር የተገናኙ ዕለት ግን ምን አሉ? «እንዴት አደራችሁ፣ የአህያ እናቶች?» ነው ያሉት ይባላል። የት አለ ሰሙ? ፊት ለፊት፣ ራቁቱን የወጣ ስድብ ነው። «እንዴት አደርክ ልጃችን» ብለው አፋቸውን ያስያዟቸው ሴቶቹ ናቸው። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን ግድ የለኝም፤ ሕዝቡ ሲተርከው ልዩነቱን አሳምሮ ማወቁ ግን ይበቃኛል።

አሁን ወደ ራሴ አገር ልምጣ። እኔ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ፣ ከገሳይ ነኝ፤ ጉና ሥር፣ ገብስና ድንች አገር። ከመንደራችን ዳር አንድ ባለ እጅ ነበሩ። («ባለ እጅ» ራሱ ሰም መሆኑን ልብ ይሏል፤ ወርቁ ምን እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም።) አያቴ የደነዘ ማረሻ አስይዛ ትወስደኝ ነበር። ከደጃቸው ስንደርስ ድምፅዋ ይለሰልሳል። «አያ፣ እንደምን ዋሉ? ከብቱ ደኅና? ልጆች ደኅና?» ትላለች። ወናፉ ያናፋል፣ ብረቱ ይቀላል፣ ማረሻው ይሳላል። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ ገና አጥሩን ሳናልፍ «ምንም ቢሰጥህ እንዳትቀምስ፣ ቡዳ ነው» ትለኛለች።

እዚህ ላይ ሐሳቤ ራሱ እንደሚንገዳገድ አልክድም። ሰም ወደ ላይ ብቻ ይነገራል ካልኩ፣ አያቴ ለምን ከእርሷ በታች ለምትለው ሰው ሰም ለበጠች? ብዙ አሰብኩበት። ፈርታቸው ነው። ማረሻው ካልተሳለ ክረምት አይታረስም፤ ዓይናቸውንም ትፈራዋለች። ስለዚህ ላስተካክለው፦ ሰም የሚነገረው ለሚፈራ ነው። የሚፈራው ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው ነው፤ አንዳንዴ ግን መሬት ተነፍጎት ከመንደሩ ዳር የተቀመጠውም ይሆናል።

እኛ ልጆቹ ግን አንፈራም ነበርና ሰም አላስፈለገንም። የሰውዬው ልጅ ከኛ ጋር ይማር ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሁላችንም ወደ ጥግ እንጠጋለን። እኔም ተጠግቻለሁ። ስድቡን በአፌ አላልኩትም፤ መጠጋቱ ግን ምን ሁለት ትርጉም አለው? ልጁ ስድስተኛ ክፍል ሳይደርስ ቀረ።

ለመሆኑ ይህ የኛ መንደር ነገር ብቻ ነው? ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለ ሞያ በሥራው እየጠራችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ የሚወጣው በግልጽ ለሚሰማ ነገር ነው፤ በሰም የተሸፈነ ስድብ አዋጅ አያስፈልገውም። ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ጋፋት ላይ፣ ቴዎድሮስ የፈረንጅ ባለ እጆችን ከአገሬው ሠራተኛ ጋር አሰባስበው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ከነቫልድማየር ስም ጎን የአገሬውን ቀጥቃጭ ስም የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ስለ ቴዎድሮስ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» አለን፤ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» አለን፤ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት አለን። ወናፉን ያናፋው ሰው በስሙ የሚጠራበት ድርሰት ግን እስካሁን እጄ አልገባም።

ሌቪን ማንዝን አይቶ አማራ አለ። ጓደኛዬ ሌቪንን አንብቦ «እናንተ» አለ። ሁለቱም ባህሉን አንድ ወጥ ልብስ አድርገው ለሁላችን አለበሱን። በዚያው ባህል ውስጥ ግን ቅኔ ቤት የዋለ ደብተራ አለ፤ አዝማሪ አለ፤ ግዕዙን ሰምቶ የማያውቅ ገበሬ አለ፤ ለቅሶ ላይ ሟቹን በስሙ ጠርታ የሆዷን በቀጥታ የምታወጣ አልቃሽ አለች፤ ከመንደር ዳር የተገፋ ባለ እጅ አለ። የሁሉም ሰምና ወርቅ አንድ ነው ማለት አያቴና የማረሻው ሠሪ አንድ ማዕድ በልተዋል ማለት ነው። አልበሉም።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው «እና ከኔ ጋር ስታወራ ሰም ትጠቀማለህ፣ አትጠቀምም?» አለኝ። «ካስፈራኸኝ እጠቀማለሁ» አልኩት። ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ዝም አለ። መጽሐፉን መልሼለታለሁ። ስለ ቅኔ የሚያወራው ምዕራፍ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ለማን?» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ለካ የቤተ መጻሕፍት ኖሯል፣ ይቅርታ።