ገና ደጋ ላይ ያለ ሞተር

በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጎማቸው ተኝቶ፣ ግንብ ተደግፈው የሚታዩት ያማሃ ኤጂ 100ዎች አንድ ቀን ጨረታ ይወጣባቸዋል። እስከዚያ ድረስ የግብርና ባለሙያውም፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛውም ሲፈራረቁባቸው ኖረዋል። ለከብት ክትባት ከድንበር ከተማዋ ከደወሌ ወደ አይሻና አዲጋላ ገጠር የምመላለስበትን ያገኘሁት እንዲሁ ነው። 97 ሲሲ ብቻ ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ቱ ስትሮክ ስለሆነ ፍጥነት አይጠየቅም። የተሠራው ለእርሻና ለከብት ጠባቂ ነው። ካቴናው ሙሉ ለሙሉ ተሸፍኗል፤ መቆሚያ እግር በግራም በቀኝም አለው፤ የኋላ መጫኛው የክትባቱን አይስ ቦክስ አይፈራም።

ጨረታ ላይ ሰው ቀድሞ የሚያየው ኪሎ ሜትሩን ነው። እኔ አላየውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ከተበጠሰ ቆይቷል። መጀመሪያ የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክራለሁ። ከእርዳታ ድርጅት የወጣና ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ፣ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። ርካሽ የመሰለው ዋጋ እውነተኛ ልኩ የሚታወቀው ያኔ ነው። ደወሌ ደግሞ የጉምሩክ ከተማ ናት፤ ወረቀቱ ያልተሟላ ሞተር ይዞ መዞር እዚህ ትርፉ ድካም ነው።

ከወረቀቱ ቀጥሎ የምጠይቀው ሞተሩ የት አገር ሲሠራ እንደኖረ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደወሌ ከ1,000 ሜትር በታች። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጎበዝ መካኒክ ቤንዚኑን ይቀንሳል። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን የነሐስ ቀዳዳ በጠባብ ይለውጣል፣ ወይም መርፌዋን ዝቅ ያደርጋል። ያው ሞተር ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል። ሙቀት አየርን ያሳሳል ቢባልም፣ በደወሌ የቀትር ቃጠሎ እንኳ አየሩ ከአዲስ አበባው ከአንድ አስረኛ በላይ የወፈረ ነው። ቤንዚኑ ግን በደጋው ልክ እንደተመጠነ ነው። አየር በዝቶ ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ብዙዎቹ ላይ ዘይቱን ለብቻው የሚያደርሰው ትንሽ ፓምፕ ተነቅሎ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ታንከር ውስጥ ይገባል። እንዲያ ከሆነ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው በዚህ ነው። የሚደርሰውም አሸዋ ላይ እያቃሰተ ሳይሆን፣ በሜዳው መንገድ ጋዙ እስከ መጨረሻ ተይዞ ሲበር ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን በደንብ አግሎ፣ ፍሪሲዮን ጨብጦ ወዲያው ማጥፋት፣ ከዚያ ካንዴላውን መንቀል። ጫፉ ላይ ያለው ሸክላ ቡናማ ከሆነ ደህና፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ እንደ ኖራ ከነጣ ቶሎ ካርቡራተሩን መክፈት ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ ከተማዋ የብረት ሥራ የተማረችው ከባቡሩ ጋራዥ ነው፤ ከዚያ በጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት የኔን ካንዴላ ገልበጥ አድርገው አዩና «ተው አቦ፣ ይሄኮ ገና ደጋ ነው ያለው!» አሉኝ። መርፌዋን የምትይዘውን ትንሽ ቀለበት አንድ ጎድጎድ ወደ ታች አወረዱ፤ መርፌዋ ከፍ አለች። ሌላ ዕቃ አልተገዛም።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። አይሻ ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። መመሪያው ፊልትሮውን በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር አጽዳ ይላል፤ እዚህ ቀኑን የሚቆርጠው ንፋሱ ነው። ስፖንጁን በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ በሳሙና አጥባለሁ፤ ጥላ ውስጥ ከደረቀ በኋላ ዘይት አጠጥቼ በመዳፌ እጨምቀዋለሁ። መጠምዘዝ ይሰነጥቀዋል። ጠርዙን ዙሪያውን ግራሶ እቀባለሁ፣ አቧራው የሚሾልከው በጠርዝ ነውና። ከዚያ ወደ ካርቡራተሩ በሚወስደው ጎማ ውስጥ ጣቴን አስገብቼ አሻሸዋለሁ። የሚሻክር ነገር ከነካኝ የፒስተኑ ፋሻ መበላት ጀምሯል ማለት ነው፤ ማጠቡም ያለፈውን አይመልስም።

ቤንዚን ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት የማይቀር ነው። ጠርሙሱን ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጦ ለፀሐይ ማየት ይገባል፤ ውሃ ካለበት ከሥሩ ይተኛል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ግን ዓይን አይለየውም። ጠብታ ጣት ላይ ሲደረግ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባቱን ትቶ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነቱን ማታ ለመመለሻ ብጠቀምበት እንኳ ቀትር ላይ አላቃጥለውም።

የግራር እሾህ የዕለት ጣጣ ስለሆነ ብዙ አያነጋግርም። ካላማዳሪውን ከመለጠፍ በፊት ግን የጎማውን ውስጥ በጨርቅ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ተሰብሮ የቀረው ጫፍ አዲሱንም ልጥፍ ይወጋዋል። የኤጂ መለዋወጫ ጠፋ ብሎ የሚያማርርም አለ፤ ግማሹ ቅሬታ ልክ ነው። ኩሽኔታን ግን በሞተሩ ስም መጠየቅ አያስፈልግም። ጎኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የዓለም ሁሉ ልክ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ይዞ የሄደ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ከሌላ ማሽን ዕቃ መካከልም ያገኘዋል።

በካራን ዝናብ ወቅት ደግሞ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ቶግ የምንለው ደረቅ የወንዝ መሄጃ ከላይ በዘነበ ውሃ ይሞላል። ያኔ ሞተር አጥፍቶ መቀመጥ ነው፤ ከብት ነጂዎቹ ሳይሻገሩ እኔ አልሻገርም።

ከድሬዳዋ ደወሌ በአስፋልቱ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ኤጂ አልመክርም። ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ ይግዛ፤ ፎር ስትሮክ ስለሆኑ ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ ዕቃቸውም በየሱቁ አለ። ከአስፋልት ወርዶ የሚሠራ ግን ጨረታ ሲወጣ የካንዴላ መፍቻ ይዞ ይሂድ፤ አስፈቅዶም ይንቀለው። ዓመታት የቆመ ሞተር ከሆነ የካንዴላው ቀለም ምንም አይነግረውም፤ እንደዚያ ያለው ላይ የፒስተንና የሲሊንደር ወጪን ቀንሶ ዋጋውን ያስገባ።