«የማይጨማደድ» ስለሚባለው ጨርቅና ስለ ስያሜዎቹ

በወልድያ ወይም በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ የጥጥ ልብስ የሚገዛ ሰው «ይጨማደዳል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ቃል አያጥርም። ቃል የሚቸግረው የዚህኑ ጨርቅ ኬሚስትሪ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተርጓሚ ነው።

በቅድሚያ «የማይጨማደድ» የሚለውን ስያሜ እንነቅፋለን። ጥጥ ሲረጥብ በሴሉሎስ ሰንሰለቶቹ መካከል ያለው የሃይድሮጅን ትስስር ይላላል፤ ጨርቁ ተጨማድዶ ከደረቀ ትስስሩ በዚያው ቅርጽ ይጸናል። ኬሚካሉ ሰንሰለቶቹን አጥብቆ ስለሚያያይዛቸው ጨርቁ ቢታጠፍም ይመለሳል። በቤተ ሙከራ የሚለካውም ይኸው የመመለሻ ማእዘን ነው። ስለሆነም «ከመጨማደድ ተመላሽ» ማለቱን እንመርጣለን። «ካውያ የማይሻ» የነጋዴ ቋንቋ ነው፤ ለመዝገበ ቃላት አይበቃም።

ኬሚካሉን «ቅብ» ማለትም ያሳስታል። ቅብ ላይ ላዩን ነው፤ ይህ ግን ከጭረቱ ውስጥ ገብቶ ሰንሰለት ከሰንሰለት ያስራል። «አስተሳሳሪ» ቢባል ሥራው በስሙ ይታወቃል።

«የሙቀት ትንተና» የሚለው አገላለጽ ደግሞ የባሰ ነው። የሚተነተነው ሙቀቱ ሳይሆን ጨርቁ ነውና «በሙቀት መተንተን» ሊባል ይገባል። ናሙናው እየጋለ ሲሄድ ክብደቱ ይመዘናል፤ በመጀመሪያ እርጥበቱ ይወጣል፣ ሴሉሎሱ ግን በአብዛኛው ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው መጠን ይፈራርሳል። ይህን «መቃጠል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሙከራው በናይትሮጅን ውስጥ ሲካሄድ ምን ሊል ነው? ኦክስጅን በሌለበት ቃጠሎ የለም። «በሙቀት መፈራረስ» ማለት ይበቃል።

እስካሁን ያነሣነው የስያሜ ጉዳይ ነው፤ የሚከተለው ግን የለባሹን ገላ ይነካል። ለረጅም ዘመን የተሠራባቸው አስተሳሳሪዎች ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ፤ ይህንንም ንጥረ ነገር ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ጋር መድቦታል። ሲትሪክ አሲድን የመሳሰሉ ሌሎች አስተሳሳሪዎች የተፈለጉት ስለዚህ ነው፤ የጨርቁን ጥንካሬ መቀነሳቸው ግን አልቀረም። እንግዲህ «ፎርማልዴሃይድ አልባ» እና «ፎርማልዴሃይዱ አነስተኛ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ ሁለቱንም «ጉዳት የሌለው» ብሎ በአንድ ቃል መጠቅለል የትርጉም ስሕተት ብቻ አይደለም። መርሳ ላይ ለልጇ ቀሚስ የምትመርጥ እናት የምታነበው አማርኛውን ነው።