በሰከንድ 12 ኖታ፦ ጣት ሲሮጥ ጆሮ ምን ያገኛል?

ስለ ፈጣን ጊታር ወሬ ከተነሳ ሁለት ሰፈር ወዲያው ይለያል። አንዱ ሰፈር “ይሄ ሙዚቃ ሳይሆን ጂምናስቲክ ነው” ይላል። ሌላው “ቅናት ነው! እስቲ አንተ ተጫወተው” ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ስንት ዓመቱ፤ ግን ሁለቱም ወገን ስለ ሙዚቃው ሲናገር አይሰማም። አንዱ ተጫዋቹን ይከሳል፣ ሌላው ተቺውን። ቀላሉ ጥያቄ መሀል ላይ ተረስቶ ይቀራል፦ ይሄ ነገር ሲሰሙት ደስ ይላል ወይስ አይልም?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ፈጣን ጊታር ደስ የሚለው ፍጥነቱ የተሸከመው ነገር ሲኖር ነው። ባዶውን የሮጠ ከሆነ ግን፣ ከጊታሪስቶች በቀር ሁለት ደቂቃ የሚታገሰው ጆሮ ማግኘት ይከብዳል። ይሄ “ቀርፋፋው ይሻላል” ማለት አይደለም። እሱ ሌላ ስንፍና ነው፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራ። አንድ ዘፈን በደቂቃ 180 ምት ይሄዳል እንበል። ጊታሪስቱ በእያንዳንዱ ምት ላይ አራት ኖታ ካስገባ፣ በሰከንድ 12 ኖታ ተጫወተ ማለት ነው። በዓለም ላይ “ሽሬድ” የሚባለው አጨዋወት በዚህ አካባቢ ነው የሚውለው፤ አንዳንዴም ያልፈዋል። በዚህ ፍጥነት ኖታዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ የሚያጣጥም አድማጭ የለም። ቬንቲሌተር ሲዞር ክንፎቹ ጠፍተው አንድ ክብ ነገር ብቻ እንደሚታየን፣ ጆሮም ነጠላ ኖታዎቹን ትቶ ቅርፃቸውን ይይዛል፦ ወጣ፣ ወረደ፣ ተጠመዘዘ፣ ቆመ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢመስልም ክርክሩን ይቀይረዋል። የ25 ሰከንድ ሶሎ ላይ ተጫዋቹ 300 ኖታ ተጫውቷል። አድማጩ ግን የሰማው ምናልባት አራት ወይ አምስት ቅርፅ ነው። ስለዚህ “ኖታ በዛ” የሚለው ትችት ዒላማውን ይስታል። እንዲያውም የብዙ ሽሬድ ሶሎ ችግር ለአድማጩ የሚደርሰው ነገር ማነሱ ነው። ጣት ብዙ ሠርቶ ጆሮ ጥቂት ያገኛል። እነዚያ አራት አምስት ቅርፆች አንዱ ከሌላው ካልተለየ፣ ሶሎው የቱንም ያህል ቢፈጥን ቆሞ የቀረ ይመስላል።

ሲሠራ

የሚሠራውን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኤዲ ቫን ሄለን በ1978 በወጣው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ላይ “ኢራፕሽን” የሚል የጊታር ሶሎ አስገባ። ርዝመቱ 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጨረሻው ክፍል ነው፤ ቀኝ እጁን ወደ ጊታሩ አንገት አምጥቶ በሁለቱም እጆቹ ጣቶች ክሩን የሚመታበት ቦታ። ግን ከዚያ በፊት ያለውን ስሙት። ትልቅ ኮርድ ይመታል፣ አጭር የብሉዝ ሐረግ ይጥላል፣ ዝም ይላል፣ ክሩን አላልቶ ድምፁን ወደ ታች ይጥለዋል። ያ ታዋቂ ውርጅብኝ ሲመጣ ጆሯችን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሲመጣም ኮርዱ እየተቀያየረ ነው የሚሄደው፤ አንድ ጊታር ብቻውን ኦርጋን የሚያክል ነገር ይሠራል።

ይሄው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ የማይክል ጃክሰን “ቢት ኢት” ላይ ግማሽ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ሶሎ ተጫወተ፤ ለዚያውም ያለ ክፍያ። “ትሪለር” አልበም ስንት ቤት እንደገባ እናውቃለን። ሮክ የማይሰሙ፣ የጊታር ክር ነክተው የማያውቁ ሰዎች ያንን ሶሎ በአፋቸው ያስመስሉታል። ታዲያ “ፈጣን ጊታር ለጊታሪስቶች ብቻ ነው” የሚለው ወሬ ከየት መጣ? “ቢት ኢት” ላይ ከስር ያለው ምት እንደ ግድግዳ ቆሟል፣ ሶሎው እሱ ላይ ተደግፎ ያብዳል፣ መጨረሻ ላይ ከፍ እያለ እየተንቀጠቀጠ ይወጣና ዘፈኑን ለዘፋኙ መልሶ ያስረክባል። መነሻም መድረሻም አለው።

ፍጥነት ሌላም የሚሸከመው ነገር አለ። ባህ ለብቻው ለሚጫወት ቫዮሊን የጻፋቸውን ሥራዎች የሰማ ያውቀዋል። አንድ ተጫዋች ኖታዎቹን አከታትሎ ሲያፈስ፣ ሁለትና ሦስት ሰው አብሮ የሚጫወት ይመስላል። ቀስ ብላችሁ ብትጫወቱት ያ ስሜት ይላላል፤ ድምፆቹ ተራርቀው አንድ ላይ መቆም ያቅታቸዋል። እዚህ ጋ ፍጥነት ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የሙዚቃው ምሰሶ ይሆናል።

ሲደክም

አሁን ወደ አከራካሪው ሰው እንሂድ። ስዊድናዊው ኢንግቬ ማልምስቲን በ1984 “ራይዚንግ ፎርስ”ን ሲያወጣ ሃያዎቹን ገና መጀመሩ ነበር። የፓጋኒኒን ቫዮሊን፣ የባህን አካሄድና የሪቺ ብላክሞርን ሮክ በአንድ ጊታር ላይ ጨመቃቸው። ከሱ በኋላ የመጣ የጊታር ትውልድ በሙሉ ወይ እሱን ተከትሏል ወይ ከሱ ሸሽቷል።

የአልበሙ መክፈቻ “ብላክ ስታር” ለኔ የዚህ ዘርፍ ምርጥ መከራከሪያ ነው። ለስለስ ባለ ጊታር ይጀምርና ዋናው ዜማ ይመጣል፤ ዘገም ያለ፣ በአፍ ሊንጎራጎር የሚችል ዜማ። ማልምስቲን እያንዳንዱን ረጅም ኖታ በጣቱ እያርገበገበ ያስለቅሳታል። ፈጣኖቹ ሐረጎች ከዚያ ዜማ መሀል ፈንድተው ይወጣሉ፣ ተመልሰውም ወደሱ ይገባሉ። ስትሰሙት ፍጥነቱ የዜማው ንዴት ይመስላል።

ችግሩ የሚጀምረው አልበሙን በአንድ ቁጭታ ስትሰሙት ነው። ያው ስኬል፣ ያው አወጣጥ፣ ያው አወራረድ። አምስተኛው ዘፈን ላይ ስትደርሱ ውርጅብኙ ሊመጣ ሲል ታውቁታላችሁ፣ መጥቶም የገመታችሁትን ነው። ሰውየው “ማነስ ያምራል” የሚለውን አባባል በአደባባይ የሚያጣጥል ሰው ነው፤ ለሱ ሲበዛ ነው የሚበልጠው። ይሁን። ግን የበዛው ነገር ምንድነው? አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ማምጣት ማብዛት አይባልም። ድንቅ ነገር ስድስቴ ሲደገም ከድንቅነት ወደ ልማድ ይወርዳል፤ ጆሮ ደግሞ ለልማድ አይቆምም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንዱ ምክንያት ከመሣሪያው ነው የሚመጣው። ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ትንፋሹ ያልቅበታል። ፈለገም አልፈለገም ይቆማል፤ ሲቆም ዓረፍተ ነገሩ ይዘጋል። ዘፋኝም እንደዚያው። ጊታር ግን ትንፋሽ አይጠይቅም። ጣትህ እስኪዝል መቀጠል ትችላለህ። ስለዚህ ጊታሪስት የት እንደሚተነፍስ ራሱ መምረጥ አለበት፣ ካልመረጠ ማንም አያስቆመውም። እንግሊዛዊው አለን ሆልድስዎርዝ መጀመሪያም የሚመኘው ሳክስፎን ነበር። ክሩን በቀኝ እጁ እምብዛም ሳይመታ በግራ ጣቶቹ አያይዞ የሚያፈስበት ዘዴው ከዚያ ምኞት ጋር ይሄዳል፤ በጣም ፈጥኖም ሐረጎቹ የተነፉ ይመስላሉ።

ሽለላው የት ነው?

እዚህ ጋ እኛ የምናውቀው ነገር ይረዳናል። የሽሬድ ሶሎ የቅርብ ዘመዱ ፉከራ ይመስለኛል። ፎካሪ “እዩኝ!” ይላል። ችሎታውን፣ ወኔውን፣ ገድሉን ያሳያል። ማንም “ለምን ራሱን ያሞግሳል?” አይለውም፤ ሥርዓቱ ነው። ስለዚህ ጊታሪስትን “ታይታ ይወዳል” ብሎ መተቸት ብቻውን አያስኬድም። ታይታም ጥበብ የሚሆንበት ቦታ አለ።

ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን መጫወት የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር። ኖታዎቹ ይጎርፋሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይጮኻሉ፤ የውጭ አድማጮች ከፍሪ ጃዝ ጋር ሲያመሳስሉት ኖረዋል። በ2006 “ሞዓ አንበሳ”ን አብረውት የሠሩት ዘ ኤክስ የተባሉ የኔዘርላንድ ፓንኮች ናቸው። ያ ሁሉ ጎርፍ ለምን አይሰለችም? ፉከራ ስለሚተነፍስ። ፎካሪ ይወረውራል፣ ይቆማል፣ ሕዝቡ ይመልስለታል፣ ደግሞ ይወረውራል። ዝምታው ውስጥ ቀጣዩን እንጠብቃለን። ሳያቋርጥ ሃያ ደቂቃ የሚፎክር ሰው ቢኖር “ኧረ አስቀምጡት” ነው የሚባለው።

እስክስታም ሌላ ምስክር ነው። ትከሻ በዚያ ፍጥነት ሲርገፈገፍ “ይሄ ስፖርት ነው” የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትሰሙም፤ ምክንያቱም ትከሻው ለከበሮው መልስ እየሰጠ ነው። ዘፋኞቻችንም በአንድ ፊደል ላይ ስንት ቅላጼ ያሽከረክራሉ፤ ቅላጼው የቃሉን ስሜት ተሸክሞ ስለሚሄድ ፍጥነቱን ልብ ሳንል ነው የምንወደው።

እና “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እያሉ ፈጣን ሶሎን ለሚያጣጥሉ ሰዎች፦ ዘገምተኝነት በራሱ ነፍስ አይዘራም። ቢቢ ኪንግ በአንዲት ኖታ ሰው ያስለቅሳል፤ እውነት ነው። ያን ያደረገው ግን ኖታዋን የሚያርገበግብበት ጣት፣ የሚያዘገይበት ቅፅበትና ከኋላዋ የሚተወው ዝምታ ነው። እነዚህ ራሳቸው ከባድ ቴክኒክ ናቸው። ቀስ ብሎ የሚጫወት አሰልቺ ጊታሪስት ሞልቷል፤ ብቻ እሱን “ስሜት አለው” ብለን እናልፈዋለን።

ጣት ሲቀር

ክርክሩን ጄሰን ቤከር ላይ ብዘጋው ይሻላል። አሜሪካዊው ቤከር “ፐርፔቹዋል በርን”ን በ1988 ሲያወጣ ገና አስራዎቹን አልጨረሰም ነበር። ፍጥነቱ ከማልምስቲን አያንስም። ብዙም ሳይቆይ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምደው ኤኤልኤስ የተባለ በሽታ ያዘው። መጀመሪያ ጊታሩን፣ በኋላም መናገሩን ነጠቀው። አባቱ በቀየሰለት የዓይን እንቅስቃሴ ዘዴ እየተግባባ ሙዚቃ መድረሱን ግን ቀጠለ፤ በ1996 “ፐርስፔክቲቭ”ን፣ በ2018 ደግሞ “ትራያምፋንት ሃርትስ”ን አወጣ።

ይሄንን ታሪክ ለማሳዘን አላነሳሁትም። ነገሩ እንደ ፈተና ነው፦ ሙዚቃው ሁሉ ጣት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ጣቶቹ የቆሙ ቀን ያልቅ ነበር። አላለቀም። “ፐርፔቹዋል በርን” ላይ ያለውን “አልቲቱድስ” ተመልሳችሁ ብትሰሙት ምክንያቱ ግልፅ ነው። እንደ ፏፏቴ የሚወርዱት ኖታዎች የኮርዶቹን መንገድ እየተከተሉ ነው የሚሄዱት፤ ልጁ ያኔም እየሮጠ ይደርስ ነበር።

ዛሬ ይሄን ሙዚቃ ብዙዎቻችን የምናገኘው ስልክ ላይ ነው፣ በ30 ሰከንድ ቪዲዮ። እዚያ ላይ ዓይናችን ቀድሞ ይደነቃል፤ ጣቶቹን እያየን “እንዴት አድርጎ ነው?” እንላለን። እሱም ሐቀኛ ደስታ ነው፤ ሰርከስም ደስ ይላል። ጊታር የሚለማመዱ ልጆች ግን የሚያዩትን ነው የሚቀዱት። በሜትሮኖም ቁጥር ብቻ የሚለካ ልምምድ ስንት ሰዓት እንደሚበላ የሚያውቁት ያውቁታል፤ ያ ሁሉ ሰዓት የሚዘመር አንድ ሐረግ ካላስገኘ ያሳዝናል።

ስለዚህ ቀጣዩ ቪዲዮ ሲመጣ ስልኩን ገልብጡትና ስሙት። ሲያልቅ በአፋችሁ የምታንጎራጉሩት አንድ ቅርፅ ከቀረላችሁ፣ ሙዚቃ ሰምታችኋል። ካልቀረ ገልብጣችሁ እዩት፤ ለዓይን የተሠራ ነው። መጀመር ለፈለገ ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው፦ የ“ቢት ኢት” ሶሎ፣ ከዚያ “ብላክ ስታር”፣ ከዚያ “አልቲቱድስ”፣ በመጨረሻ የጌታቸው መኩሪያ ሽለላ። በአንድ ምሽት ያልቃሉ።